የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ

የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ የጃፓን አይሪስ ከሚባለው ተክል ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ በተፈጥሮ የሚበቅል አበባ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሆክሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1844 አሲዳንቴራ ብሎት ነበር፤ ዛሬ ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ ይባላል። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ነጭ አበባው መሐሉ ጥቁር ሐምራዊ ሲሆን መዓዛው ሲመሽ ይበረታል፤ ከረጅሙ የአበባ ቱቦ ግርጌ ያለውን ማር የሚቀስመው ምላሰ ረጅም የእሳት ራት ነው።

እንደ ብልባላ ላሉ የላስታ ደጋዎች በአትክልት ቦታ ለመትከል ከጃፓኑ አይሪስ ይልቅ ግላዲዮለሱ ይመረጣል። አይሪሱ ኖራ የሌለበት ኮምጣጣ አፈርና በዕድገቱ ወቅት የማይቋረጥ እርጥበት ይሻል፤ በጋው ረጅም በሆነበት አገር ይህን ማሟላት ከባድ ነው። ግላዲዮለሱ ግን በክረምት ጠጥቶ በበጋ ከአፈር በታች ይተኛል። ሽንኩርት መሰሉ ኮረት ክረምት ሳይገባ፣ ውኃ በማይተኛበት ፀሐያማ መደብ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይተከላል፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ያብባል። አበባው ሲረግፍ ቅጠሉን ቶሎ መቁረጥ አይገባም፤ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ ለኮረቱ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አውሮፓውያን አትክልተኞች ውርጭ እንዳይገድለው በየዓመቱ ነቅለው ያስቀምጡታል። በአፈሩ ላይ ውርጭ በማይጠናበት ስፍራ ግን እዚያው ሊከርም ይችላል።