የፓምፕሎና ኮርማዎችና እንግዳው ሯጭ

በሰሜን ስፔይን፣ ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ በጥንት ዘመን የራሱ ንጉሥ የነበረው ናቫራ የተባለ አገር ይገኛል። ዋና ከተማው ፓምፕሎና ነው። ፓምፕሎና ዓመቱን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በጭምትነቷ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ነጋዴው ከሱቁ፣ ካህኑ ከደብሩ፣ ገበሬው ከገበያው ሳይለይ ቀኑ መሽቶ ይነጋል። የቅዱስ ፌርሚን ክብረ በዓል ሲደርስ ግን፣ ይኸውም ከጁላይ 6 እስከ 14 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሰኔ 29 እስከ ሐምሌ 7) ባሉት ዘጠኝ ቀናት፣ ያቺው ከተማ ሌላ ትሆናለች።

ከበዓሉ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ርችት ይተኮሳል። የበረቱ በር ይከፈታል። ስድስት የፍልሚያ ኮርማዎች፣ ቃጭል ካሰሩ ሰንጋዎች ጋር ሆነው፣ በጠባቡ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ሽቅብ ይወረወራሉ። የእያንዳንዱ ኮርማ ክብደት 5 ኩንታል ያህል ነው፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። 850 ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ የሚጨርሱት በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ነው። ከፊታቸው ነጭ የለበሰ፣ ቀይ መቀነት የታጠቀ፣ በአንገቱ ቀይ ሻሽ ያሰረ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይሮጣል። ከዚህም ሕዝብ መካከል የናቫራ ተወላጅ ያልሆነው፣ በዋዜማው በባቡር ወይም በአውሮፕላን የደረሰው መንገደኛ ብዙ ነው። መንገደኛው በአንድ ጥንታዊ ጨዋታ እካፈላለሁ ብሎ መጥቷል። የገባበት ነገር ግን በመሠረቱ ጨዋታ አልነበረም።

የአገሬው ሰው ድርጊቱን «ኤንሲየሮ» ይለዋል። ቃሉ ሩጫ ማለት አይደለም፤ ከብትን በረት ማስገባት፣ አስገብቶም መዝጋት ማለት ነው። በሌሎች ቋንቋዎች «የኮርማዎች ሩጫ» እየተባለ ሲተረጎም ከስሙ ውስጥ ተንጠባጥቦ የቀረው ነገር ሥራው ነው። ስሙን ያወጣው ሯጭ ሳይሆን እረኛ ነውና።

በናቫራ የኮርማ ፍልሚያ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። የቅዱስ ፌርሚን በዓል ቀድሞ ይከበር የነበረው በኦክቶበር ወር ሲሆን፣ የመጸው ዝናብና ብርድ እያስቸገረ በ1591 ወደ ጁላይ ተዛወረ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ወቅት ከተማይቱ የከብት ገበያዋን ታቆም ስለ ነበር ጸሎቱ፣ ንግዱና ፍልሚያው በአንድ ሰሞን ተገናኙ። እንግዲህ ፍልሚያ ካለ ኮርማ መምጣት አለበት። ኮርማዎቹ የሚረቡት በደቡብ ናቫራ፣ በኤብሮ ወንዝ አካባቢ በሚገኘው ዝቅተኛ የግጦሽ ምድር ነበር። እረኞቹ በእግርና በፈረስ ለቀናት እየነዱ ያመጧቸዋል፤ የመጨረሻዋን ሌሊት ከከተማው ቅጥር ውጭ ያሳድሯቸዋል፤ ጎሕ ሲቀድ፣ መንገዱ በገበያተኛ ሳይሞላ፣ እያጣደፉ ያስገቧቸዋል። አንድ ፈረሰኛ ቀድሞ እየጋለበ መንገድ ያስለቅቃል፤ በትር የያዙት ከኋላ ይከተላሉ። የፍልሚያው ቦታ ያን ጊዜ ፕላሳ ዴል ካስቲዮ የሚባለው የከተማው ዋና አደባባይ ነበር።

ማጣደፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ኮርማ በመንጋ ሆኖ ሲገሰግስ ግራ ቀኙን አያይም፤ ሰንጋውን ይከተላል። ከቆመ፣ ካመነታ፣ በተለይም ከመንጋው ከተነጠለ ግን ከፊቱ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ይህ የእረኝነት ዕውቀት ነው። ዛሬም የሯጩን ነፍስ የሚያቆያት ከዚህ ሌላ ዕውቀት የለም።

በመንጋው ዙሪያ በመጀመሪያ የተገኙት በዚያ ሥራ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እረኞች፣ እንደሚባለውም የቄራ ሠራተኞችና ባለልኳንዳዎች። በጩኸትና በበትር እየታገዙ ከኋላ ይነዱ ነበር። ዘመን ሲገፋ የከተማው ወጣት ከኋላ መከተሉን ትቶ ከቀንዱ ፊት መሮጥ ጀመረ። ይህን ያዘዘ ሹም የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ሥርዓት ለማስያዝ የመጀመሪያውን ደንብ ያወጣው በ1867 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሩጫው የቆየ ልማድ ነበር። ሴቶች እንዳይሮጡ የሚያግደው ክልከላ የተነሣው ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1974 ነው። መንገዱም ቢሆን በአንድ ጊዜ የተቀየሰ አይደለም። በ1844 ራሱን የቻለ የፍልሚያ ሜዳ ተሠራ፤ በ1856 መንጋው በኤስታፌታ ጎዳና ማለፍ ጀመረ፤ ዛሬ ያለው ሜዳ በ1922 ሲመረቅ መስመሩ አሁን የያዘውን መልክ ያዘ። በ1939 አንድ ኮርማ የእንጨቱን አጥር ጥሶ ወጥቶ አንዲት ሴት ስለ ወጋ፣ ከዚያ ወዲህ አጥሩ ድርብ ሆነ። ጥንታዊ የሚባለው መንገድ በግንበኛ፣ በአናጢና በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ እጅ እየታረመ የመጣ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የእረኛው የብዙ ቀን ጉዞ ቀረ፤ ኋላም የጭነት መኪና መጣ። ነገሩ የሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻዋም 850 ሜትር አብራ መቅረት ነበረባት፤ ኮርማውን ከመኪና አውርዶ በቀጥታ ወደ ሜዳው በረት ማስገባት ይቻላልና። አልቀረችም። የሥራው ጥቅም ሲያበቃ ድርጊቱ የቀጠለው ሕዝቡ ራሱ ባለቤት ሆኖበት ስለ ነበር ነው።

ከስፔይን ውጭ ያለው ዓለም ስለዚህ ነገር የሚያውቀው እምብዛም ነበር። ያሳወቀው አንድ ጸሐፊ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ሄሚንግዌይ ፓምፕሎናን መጀመሪያ ያየው በ1923፣ የ23 ዓመት ወጣት ሆኖ «ቶሮንቶ ስታር» ለሚባለው የካናዳ ጋዜጣ ሲጽፍ ነው። በ1924 እና በ1925 ተመልሶ መጣ። በ1924ቱ በዓል ሳንጉዌሳ ከምትባል የናቫራ ከተማ የመጣ አንድ ወጣት በሩጫው ላይ ተወግቶ ሞቷል። ሄሚንግዌይ ርእሱን ከመጽሐፈ መክብብ ወስዶ «ፀሐይም ትወጣለች» ብሎ በ1926 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥም በሩጫው ላይ ቀንድ ጀርባውን የሚበሳው አንድ ገበሬ አለ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የልብ ወለዱ ተራኪ ራሱ አይሮጥም። አንድ ጊዜ ከሰገነት፣ ሌላ ጊዜ ከአጥሩ አጠገብ ሆኖ ያያል። ከዚያም ቡና ቤት ገብቶ የሆነውን ሲናገር፣ የአገሬው አሳላፊ ለጨዋታ ተብሎ ሰው መወጋቱን ፈጽሞ አይቀበለውም። ሄሚንግዌይም ቢሆን የተካፈለው ከሩጫው በኋላ በሜዳው ውስጥ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ ከወጣት ከብቶች ጋር በሚደረገው ግብግብ ነበር። መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የመጣው ትውልድ ግን የተራኪውን ሰገነት ትቶ የገበሬውን ስፍራ መረጠ። ደራሲው ለመጨረሻ ጊዜ በ1959 ሲመጣ ከተማው በእርሱ አንባቢዎች ተሞልቶ አገኘው። በ1961 ሞተ፤ በ1968 ፓምፕሎና ከፍልሚያው ሜዳ ደጃፍ ሐውልት አቆመችለት።

የአገሬው ሯጭ መንገዱን በሙሉ አይሮጥም። ኮርማ ከሰው ይፈጥናልና አይችልምም። ከልጅነቱ ጀምሮ ድንጋይዋን ለይቶ የሚያውቃት አንዲት አጭር ቦታ አለችው፤ ቀንዱ ሲቃረብ ይገባል፣ ጥቂት እርምጃ ከፊቱ ይሮጣል፣ ወደ ጎን ይወጣል። በእጁ የተጠቀለለ ጋዜጣ ይይዛል፤ ርቀቱን የሚለካውም፣ የኮርማውን ዓይን የሚስበውም በእርሱ ነው። ከመሮጡ በፊት በሳንቶ ዶሚንጎ ግንብ ላይ ከተቀረጸችው ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ወደ ቆመው የቅዱሱ ምስል ቀና ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ጊዜ ይዘምራል። በዚህ ሰው ዘንድ የሩጫው ክብር ለቀንዱ መቅረብ እንጂ መቅደም አይደለም፤ ከኮርማዎቹ እጅግ ቀድሞ ወደ ሜዳው የሚገባ ሰው ከተመልካቹ የሚጠብቀው ፉጨትና ስላቅ ነው። እንግዳው ግን እጁን እያወዛወዘ ይገባል፤ ጩኸቱ የአድናቆት ይመስለዋል።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት መማር አይቻልም። ከትእዛዛቱ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ አንደኛው ነው፤ የወደቀ ሰው አይነሣም። ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ራሱን በእጆቹ ሸፍኖ፣ ሌላ ሰው መንጋው ማለፉን እስኪነግረው ድረስ ይተኛል። ኮርማ የተጋደመውን ብዙ ጊዜ ዘሎ ያልፋል፤ የሚነሣውን ግን ይወጋል። ይህ ከሰው ተፈጥሮ ጋር የሚጣላ ሕግ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ገና ሳያስብ የሚያደርገው መነሣት ነውና። ጁላይ 13 ቀን 1995 ከኢሊኖይ የመጣ የ22 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ ወደቀ። ተነሣ። ኮርማው ወጋው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ሞት እንግዳን ብቻ ይመርጣል ማለት ግን አይደለም። ከ1910 ጀምሮ በሩጫው ከሞቱት አብዛኞቹ ስፔይናውያን ናቸው። በ1977 የሞተው ወጣት ቀንድ አልነካውም፤ ወደ ሜዳው በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ላይ በተደራረበ የሰው ክምር ታፍኖ ነው የሞተው። 16ኛው ሟች፣ ከአልካላ ዴ ኤናሬስ የመጣ ስፔይናዊ፣ የወደቀው በ2009 ነው። በመውደቅና በመረጋገጥ የሚጎዳው ሰው በየዓመቱ በመቶ ይቆጠራል።

እንግዳው ሲበዛ መንገዱ ጠበበ፤ ደንቡም ጠነከረ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው፣ የሰከረ፣ እየሮጠ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ኮርማ የሚይዝ ሁሉ ይከለከላል። መንጋው ወደ ኤስታፌታ በሚታጠፍበት ማዕዘን ኮርማዎቹ እየተንሸራተቱ ከአጥሩ ጋር ይላተሙ ስለ ነበር፣ ከ2005 ጀምሮ ንጣፉ እንዳያንሸራትት ተደርጓል። የቆዩ ሯጮች በዚህ ያጉረመርማሉ፤ መንጋው ሳይበተን እየፈጠነ ስለሚያልፍ በኮርማና በኮርማ መካከል መግቢያ አጣን ይላሉ። ቅሬታው ከሯጭ አንጻር እውነት አለው። የጥንቱ እረኛ ቢሰማው ግን ይስቅ ነበር፤ እርሱ ዕድሜውን በሙሉ የለፋው መንጋው እንዳይበተን ነውና። እረኛውም ቢሆን አልጠፋም። አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሶ፣ ረጅም በትሩን ይዞ ዛሬም ከኮርማዎቹ ኋላ ይሮጣል፤ ኮርማ የሚያሳስት ሰው ካገኘም በትሩን አይሰስትበትም። ሁሉም ወደ ፊት ስለሚሸሽ እርሱን የሚያየው ጥቂት ነው።

ሩጫው የቀረባቸው ዓመታት ብዙ አይደሉም፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ 1937 እና 1938፣ በወረርሽኙ ጊዜ 2020 እና 2021። በ1978 ደግሞ ፖሊስ ወደ ፍልሚያው ሜዳ ገብቶ፣ በዚያው ምሽት አንድ ወጣት በጥይት ስለ ተገደለ በዓሉ በመካከሉ ተቋርጧል። ጠዋት የሮጡት ስድስቱ ኮርማዎች በዚያው ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሚደረገው ፍልሚያ ይገደላሉ። ይህን የሚቃወሙ የእንስሳት ተሟጋቾች በበዓሉ ዋዜማ ሰልፍ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ጠዋት ከሮጡት እንግዶች ብዙዎቹ ፍልሚያው በሚጀመርበት ሰዓት በአትክልት ቦታ ሣር ላይ ተኝተዋል።

ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት ባለችው ሌሊት ሌላ ጉዞ አለ፤ «ኤንሲየሪዮ»፣ ትንሹ ኤንሲየሮ ይባላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኮርማዎቹ ከአርጋ ወንዝ ማዶ ካለው በረት ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ በረት ይዛወራሉ። ርቀቱ 440 ሜትር ያህል ነው። ሯጭ የለም፤ እረኞች ብቻ ናቸው። የፎቶግራፍ መብራት ክልክል ነው፣ ድምፅ ማሰማትም ክልክል ነው። መንገዱ መጽዳቱ ሲረጋገጥ መለከት ይነፋል። የመግቢያ ፈቃድ ያገኙት ሰዎች ከአጥሩ ጀርባ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ። በድልድዩ ላይ ኮቴ ይሰማል፤ ቃጭሉ ያቃጭላል። መንጋው በጨለማው ውስጥ ያልፋል፤ እረኞቹም ተከትለው ይገባሉ። በሩ ይዘጋል።