ጥንቸሏ ለምን ነከሰችኝ?

ፔዳ ያለው ቤታችሁ የገባችው አዲሷ ጥንቸል፣ እጃችሁን ወደ ጎጆዋ ስትሰዱ ነከሰቻችሁ? ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት የዘሯን ታሪክ ስሙ።

የደጋችን የዱር ጥንቸል ስሟን ትጋራታለች እንጂ ሌላ ፍጥረት ናት፤ ዋሻ አትቆፍርም። የቤቷ ግን ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ነው፤ በቡድን ዋሻ ቆፍሮ ድንበሩን የሚጠብቅ ዘር! በ1859 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኦስቲን የሚባል ሰው ለአደን ብሎ አውስትራሊያ ላይ ለቀቃቸው፤ አገሩን ሞሉት። መከራው ጥናት አመጣ። በ1960ዎቹ ሮማን ሚኪቶዊች የተባለ ተመራማሪ፣ ጥንቸሎች አገጫቸውን ዕቃ ላይ የሚያሹት ከሥሩ ካለው ዕጢ ጠረን እየቀቡ «የኔ ነው» ለማለት እንደሆነ አሳየ። እኛ አይሸተንም።

እናም በሩን ክፈቱና ራሷ እስክትወጣ ጠብቁ። ስታጸዱም ጠረኗን ባንዴ አታጥፉባት፤ ትንሽ የቆየ ድርቆሽ ተዉላት። ቁጣዋ ካልበረደ ስለማምከን የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።