የቆሎ ተማሪና የባላገሩ ምጽዋት

የአንድ ሕዝብ ዕድገት በጎተራው ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ከምንም ባልቈጠርነው ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ባሉት የጎጃም የቅኔ አድባራት ሊቃውንት የበቀሉት፣ ራሱ ጠግቦ የማያድር ባላገር ከዕለት ጉርሱ ከፍሎ የማያውቀውን ልጅ ስለ መገበ ነው። ውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ቁራሽ ሲለምን ያረፈደው ብላቴና፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ መምህሩም ያለ ደመወዝ ሰሙን ከወርቁ አስማምተው ያቃኑለታል። ጉባኤው ለሴቶች ልጆች ጠባብ መሆኑ ግን እጅግ ያሳዝነኛል፤ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የቅኔ መምህርት እስከ መሆን መድረሳቸው፣ ስንት ብሩህ አእምሮ ከማጀት እንደ ቀረ ይመሰክራልና።