«ዊንዶው» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

እኛ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ መስኮትን «ዊንዶው» ስንል ቃሉ ከሁለት ቃላት እንደ ተጋጠመ አናስተውልም። ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወደ እንግሊዝ አገር መጥተው የሰፈሩት የስካንዲናቪያ ሰዎች በቋንቋቸው «ቪንድአውጋ» ይሉት ነበር፤ ይኸውም «የነፋስ ዓይን» ማለት ነው። በእውነትም የዚያ ዘመን መስኮት መስተዋት የሌለው ቀዳዳ ስለ ነበረ ብርሃንና ነፋስ አብረው ይገቡበት ነበር። እንግሊዞች ራሳቸው «የዓይን ቀዳዳ» የሚል የቆየ ስም ነበራቸው፤ ነገር ግን የእንግዳው ቃል አሸነፈው።

የሚያሳዝነው የኋላው ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1696 እስከ 1851 የእንግሊዝ መንግሥት በመስኮት ቍጥር ግብር ያስከፍል ነበር። ለነፋስ ዓይን ግብር! ብዙ ባለቤቶችም ግብሩን ለመሸሽ መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ፤ ድሆች ተከራዮችም በጨለማና በታፈነ አየር ኖሩ። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተደፈነው መስኮት ዛሬም ይታያል።