የቆመች ስኩተር ጠባቂዋ ማን ነው?

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጓደኞቼ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ታላላቅ ከተሞች ታሪክ ይጽፋሉ። እኔ ግን የመረጥሁት የአንድ ትንሽ ነገር ታሪክ ነው፤ ይኸውም የቁልፍ፣ በተለይም በመንገድ ዳር የምትቆም ስኩተር የምትቈለፍበት ቁልፍ ታሪክ ነው። አንባቢ ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል አልቀየምም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በደጃፋችንም ይገኛልና። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በአጎቴ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። አጎቴ የማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ መኪና ጠጋኝ ነው። የመፍቻ ቦርሳውን ከኋላ አስሮ ከሰፈር ሰፈር የሚዞርባት አንዲት አሮጌ ስኩተር ነበረችው። አንድ ቀን ከደንበኛው ቤት ደጃፍ አቆማት፤ መሪዋን ወደ ግራ አዙሮ ቈለፈ፤ መክፈቻውንም ኪሱ ከቶ ገባ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲወጣ ስፍራው ባዶ ነበር። ከማዶ የተቀመጠውን ሊስትሮ ቢጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቱታ የለበሱ ሦስት ሰዎች አንሥተው ፒክአፕ ላይ ጫኗት፤ ወደ ጋራዥ የምትወስዷት መስሎኝ ነበር» አለው። ባለ ሱቋም አይታለች፤ እርሷም እንደዚያው መስሏት ነበር።

አጎቴ ስድስት ወር ያህል በእግሩና በታክሲ ሠራ። ከባዱን ቦርሳ ተሸክሞ በሰዓቱ መድረስ ስላልቻለ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሌላ ሠራተኛ ያዙ። የታናሽ እኅቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለውም እርሱ ስለ ነበር ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ «ቈልፌ ነበር እኮ!» ይል ነበር። እኔም የተቈለፈ ነገር እንዴት ይሰረቃል ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከታሪክ ነው።

የስኩተር ዘመን የተከፈተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያ ነው። በፖንቴዴራ ከተማ የነበረው የፒያጆ የአውሮፕላን ፋብሪካ በቦምብ ፈርሶ ነበር። ኤንሪኮ ፒያጆ ፋብሪካውን እንደ ገና ሲያቋቁም፣ መንገዱ ለተበላሸበትና መኪና ለመግዛት አቅም ላነሰው ሕዝብ የሚሆን ርካሽ መጓጓዣ እንዲሠራ አሰበ። ሥራውን የሰጠው ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነው። ይህ ሰው የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ እንጂ የሞተር ሳይክል ሠሪ አልነበረም፤ እንዲያውም ሞተር ሳይክልን አይወድም ነበር ይባላል። ስለዚህ ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈነው፤ ሴትም ወንድም ልብሱ ሳይቈሽሽ እግሩን ገጥሞ እንዲቀመጥበት አድርጎ ሠራው። በ1946 ዓ.ም. ቬስፓ ተባለች፤ በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የተሠሩት 2,484 ብቻ ነበሩ፤ በ1956 ዓ.ም. ግን አንድ ሚሊዮንኛዋ ቬስፓ ከፋብሪካው ወጣች። በ1947 ዓ.ም. የሚላኑ የኢኖቼንቲ ፋብሪካ ላምብሬታ የተባለችውን ተወዳዳሪዋን አወጣ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ስኩተርን ተወዳጅ ያደረጋት ጠባይ ሁሉ ለሌባም የተመቸ ነው። የመጀመሪያዪቱ ቬስፓ 60 ኪሎ ግራም ያህል ብትመዝን ነው፤ የዛሬዎቹም ቢሆኑ ከመኪና ጋራ ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው። መኪና ለመስረቅ መንዳት ያስፈልጋል፤ ስኩተር ለመስረቅ ግን ሁለት ሦስት ጕልበተኞች ይበቃሉ። በር የላትም፤ ጋራዥም የሚሠራላት ጥቂት ሰው ነው። የምታድረው በደጅ፣ የምትውለው በመንገድ ዳር ነው።

በዚያ ዘመን የመጓጓዣ መሰረቅ ለድኻ ሰው ምን ማለት እንደ ነበረ በደንብ ያሳየው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ዓ.ም. ያወጣው «የቢስክሌት ሌቦች» የተባለው ፊልም ነው። በሮማ የሚኖር ሥራ ፈት ሰው ቢስክሌት ካለው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ እንደሚሰጠው ይነገረዋል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ቢስክሌቱን ከመያዣ ታስወጣለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ ሲለጥፍ ሌባ ቢስክሌቱን ይዞ ያመልጣል፤ ግብረ አበሩም አሳዳጁን በተሳሳተ መንገድ ይመራዋል። በመጨረሻ ተስፋ የቈረጠው አባት ትንሹ ልጁ እያየው የሌላ ሰው ቢስክሌት ሲሰርቅ ይያዛል። ፊልሙ የሚያስተምረን ስርቆት አንድን ዕቃ ብቻ እንደማይወስድ ነው፤ እንጀራን ይወስዳል፤ አንዳንድ ጊዜም የተሰረቀውን ሰው ክብር ይወስዳል።

እንግዲህ ወደ ቁልፉ እንመለስ። ጆሴፍ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊ በ1784 ዓ.ም. ለአንድ አዲስ ቁልፍ የፈጠራ መብት አገኘ። በለንደን ከሱቁ መስኮት ላይ አንድ ቁልፍ አስቀምጦ ያለ መክፈቻው ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከፈተው አልተገኘም። በ1851 ዓ.ም. ግን በለንደን ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣ። አስቀድሞ ቸብ የተባለውን ዝነኛ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተ፤ ቀጥሎም የብራማን ቁልፍ በ16 ቀናት ውስጥ በጠቅላላው 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው።

ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ «እንግዲያውስ ቁልፍ ከንቱ ነው» ብሎ ደነገጠ። ነገር ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። የሁለቱ ቁልፎች ልዩነት የሚከፈትና የማይከፈት መሆናቸው አይደለም፤ አንዱ 25 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 51 ሰዓት መፍጀቱ ነው። ቁልፍ ሌባን አያስቀርም፤ ያዘገየዋል። በተዘገየበት ጊዜ ውስጥ የሚያየውና የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ግን መዘገየቱ ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ይህንኑ ያረጋግጣል። በ1930ዎቹ ዓመታት አብራም ኔማን የመኪናን መሪ የሚያስር ቁልፍ አወጣ፤ ፈረንሳዮች የሞተር ማስነሻውን ቁልፍ እስከ ዛሬ ድረስ «ኔማን» ይሉታል። ይኸው ዓይነት የመሪ ቁልፍ በስኩተርም ላይ ተለመደ። ምዕራብ ጀርመን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስም ሆነ አሮጌ መኪና ሁሉ የመሪ ቁልፍ እንዲኖረው ባዘዘች ጊዜ የመኪና ስርቆት በጣም ቀነሰ። እንግሊዝ ግን በ1971 ዓ.ም. ያስገደደችው አዲሶቹን መኪናዎች ብቻ ስለ ነበር ሌቦች ፊታቸውን ወደ አሮጌዎቹ መለሱ። ጎረቤቱ ሳይጠበቅ ራሱን ብቻ የጠበቀ ሰው ሌባውን ወደ ጎረቤቱ ሰደደው እንጂ አላጠፋውም።

ይሁን እንጂ የመሪ ቁልፍ በስኩተር ላይ አንድ ጕድለት አለበት። መሪው ታስሮ እንዳይነዳ ይከለክላል፤ ተሸክሞ ከመሄድ ግን አይከለክልም። የአጎቴ ስኩተር የሄደችው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰዎች ስኩተርን ከምሰሶ ወይም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋራ በወፍራም ሰንሰለት ማሰርን ተማሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጠንካራ የብረት ቁልፍ ለቢስክሌት ወጣ፤ ወደ ሞተር ሳይክልም ተዛመተ። ይህም ቢሆን ፍጹም አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ክብ መክፈቻ ያላቸው የዚህ ዓይነት ቁልፎች በአንድ ተራ የእስክሪብቶ ቀፎ ሊከፈቱ እንደሚችሉ ታወቀና ዓለም ተገረመ። ብራማ ላይ የደረሰው በእርሱም ላይ ደረሰ።

በ1990ዎቹ ደግሞ በመክፈቻው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ምልክት ተደረገ፤ ሞተሩ ያን ምልክት ካላወቀ አይነሣም። ይህ ዘዴ ሽቦ አገናኝቶ የሚያስነሣውን ተራ ሌባ አስቀርቷል። ፒክአፕ ይዞ ለመጣ ሌባ ግን ሞተሩ ተነሣ አልተነሣ ግድ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ስለ ስርቆት ታስቦ ያልወጣ ሕግ ነው። በምዕራብ ጀርመን ያለ ሄልሜት ሞተር የሚነዳ ሰው ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በያዘው ፖሊስ እዚያው በመንገድ ላይ ይቀጣ ጀመር። የሕጉ ዓላማ የነጂዎችን ራስ ከአደጋ ማዳን ነበር። ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. 150 ሺህ ያህል የነበረው የሞተር ሳይክል ስርቆት በ1986 ዓ.ም. ወደ 54 ሺህ ያህል ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በድንገት ሞተር አይቶ የሚሰርቅ ሰው ሄልሜት ይዞ አይዞርም፤ ያለ ሄልሜት ሲነዳ ደግሞ ፖሊስ ያስቆመዋል። አዲስ ቁልፍ አልተፈለሰፈም፤ አዲስ ሰንሰለትም አልተሠራም። ሌባው በዓይን የሚታይ ሆነ፤ እርሱ ብቻ በቃ።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በ2019 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ሞተር ሳይክል ለዝርፊያ ይውላል በሚል ምክንያት፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር፣ የሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ታገደ። በጥቂት ሌቦች ምክንያት መልእክት የሚያደርሰው፣ ጥገና የሚሠራው፣ ዕቃ የሚያቀርበው ታማኝ ሠራተኛም ተቸገረ። ስለዚህ የአንድ ሰው ስኩተር ጥበቃ የባለቤቱ ጕዳይ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ አንድ ቁልፍ አይበቃም። መሪው ይቈለፍ፤ በዚያ ላይ ወፍራም ሰንሰለት በሻንሲው ወይም በኋላ ጎማው ውስጥ አልፎ ከማይነቀል ነገር ጋራ ይታሰር። የፊት ጎማ በቀላሉ ስለሚፈታ በእርሱ ብቻ ማሰር ጎማውን ማትረፍ ነው እንጂ ስኩተሯን ማትረፍ አይደለም። ሰንሰለቱም መሬት አይንካ፤ መሬት ላይ የተኛ ሰንሰለት በመዶሻ ለመምታት ይመቻልና። ሁለተኛ፣ ሰው ከሚያልፍበትና ማታም መብራት ካለበት ስፍራ ትቁም፤ ጨለማ ለሌባ ወንድሙ ነው። ሦስተኛ፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በቤት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ሊብሬውም ከመቀመጫዋ ሥር አይተው። ስኩተሯን ከነሊብሬዋ ያገኘ ሌባ ሽያጩ ግማሽ በግማሽ አልቆለታል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ነው እንጂ ከተሰረቀ በኋላ መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

አራተኛውና ዋነኛው ግን በገበያ የማይሸጥ ነው፤ እርሱም የሚጠይቅ ሰው ነው። ሊስትሮውና ባለ ሱቋ ስኩተሯ ስትጫን በዓይናቸው አይተዋል፤ ቁልፉም የተቻለውን ሠርቶ ሌቦቹን በጭነት እንዲወስዷት አስገድዷቸዋል። የጐደለው «የማን ናት? ወዴት ትወስዷታላችሁ?» የሚል አንድ ቃል ነበር። እነርሱም ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ባለቤቱን ስለማያውቁት ነው። አጎቴም ሰላም ሳይላቸው ነበር ያለፈው፤ ይህን ዛሬ ራሱ ይናገራል።

አሁን አጎቴ በብድር አንዲት ያገለገለች ስኩተር ገዝቷል። ሰንሰለትም አለው። ነገር ግን በደረሰበት ሰፈር ሁሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ፈልጎ፣ «ወንድሜ፣ ይህች የኔ ናት፤ ከእኔ በቀር የሚነካት ቢመጣ ጥራኝ» ይላል፤ የሚሠራበትንም ቤት ያሳያል። ባለፈው ወር አንድ ጎረምሳ ሰንሰለቱን ሲነካካ ያ ሊስትሮ የጫማ ብሩሹን ጥሎ እየጮኸ ሮጠ፤ ጎረምሳውም ሳይዞር አመለጠ። ሊስትሮው የሮጠው ለስኩተር ብሎ አይመስለኝም፤ ለሚያውቀው ሰው ብሎ ነው።

ውድ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ሆይ፣ በግቢያችን አጥር ሥርም የመምህራን ሞተሮችና የእኛ ቢስክሌቶች ይቆማሉ። በአጠገባቸው ስናልፍ የማን እንደ ሆኑ እንወቅ፤ የማናውቀው ሰው ሲያነሣቸው ብናይም በትሕትና ለመጠየቅ አንፈር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን፤ ስኩተርም የሚያስረው እርሱ ነው።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ