የዓባይ ሸለቆ፤ ገና ተነብቦ ያላለቀ የታሪክ መጽሐፍ

ታሪክ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመንና የጦርነትን ወሬ ነው። ነገር ግን ከነገሥታት ሁሉ በፊት፣ ከሰውም በፊት የሆነ ታሪክ አለ። የዚህ ታሪክ ጸሐፊዎች ውሃና እሳት ናቸው፤ ብራናውም ድንጋይ ነው። መጽሐፉን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ ገጾቹ አንድ በአንድ ይገለጣሉ።

ከሁሉ በላይ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ነው። ከእርሱ በታች የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያም ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይገኛል። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ፍጥረቶች ዛጎል ስላለ፣ ዛሬ ደጋ የሆነው ምድር ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከባሕር በታች እንደ ነበረ እናውቃለን።

ቁጥሩ በምን ታወቀ ቢባል፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በታወቀ ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ። ሊቃውንት የተለወጠውንና የቀረውን መዝነው ዕድሜውን ያሰላሉ።

ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች ባነጠፉት ጭቃ ውስጥ፣ ከዓባይ ገባሮች አንዱ በሆነው በጀማ ሸለቆ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ዳይኖሰር የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1842 ያወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ሲሆን፣ ከግሪክ ቋንቋ ሲተረጎም «አስፈሪ እንሽላሊት» ማለት ነው። ሁሉም ግን አስፈሪዎች አልነበሩም፤ ቅጠል በል የሆኑም፣ ዶሮ የሚያህሉም ነበሩ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዛሬዋ ሜክሲኮ በዩካታን ልሳነ ምድር ታላቅ የሰማይ ድንጋይ ወደቀ፤ ዳይኖሰሮችም በዚያ ዘመን ጠፉ። ይሁን እንጂ አንድ ወገን ተርፏል፤ እርሱም የወፎች ወገን ነው። በጓሮአችን የምትጭረው ዶሮ እንግዲህ የዳይኖሰር ዘር ናት።

ይህ እንዴት ይሆናል? ወላጆቻችን መልካሙን እህል ለዘር መርጠው ያስቀምጣሉ፤ የሰብሉም ጠባይ በብዙ ዘመን ይለወጣል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ተፈጥሮም እንዲሁ ታደርጋለች። ለኑሮው የተስማማው ፍጥረት ብዙ ልጅ ያተርፋል፤ ጥቂቱ ልዩነት በእጅግ ብዙ ትውልድ ሲጠራቀም ሌላ ዓይነት ፍጥረት ይሆናል። ስለዚህ «ሰው ከዛሬው ጦጣ ተወለደ» የሚለው አባባል ትምህርቱን ያጣምማል። ትምህርቱ የሚለው ሰውና ጦጣ እጅግ በራቀ ዘመን አንድ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው።

የዘመኑን ርዝመት ለመረዳት የምድርን ዕድሜ፣ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሆነውን፣ እንደ አንድ ዓመት እንቍጠረው። ምድር መስከረም 1 ቀን ተፈጠረች ብንል፣ ዳይኖሰሮች የመጡት ነሐሴ 17 ገደማ ነው፤ የጠፉትም ነሐሴ 30 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ድንቅነሽ የኖረችው ጳጉሜን 5 ቀን ሊያልቅ ስድስት ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። ሰውና ዳይኖሰር አብረው የሚታዩበት ሲኒማ እንግዲህ ተረት እንጂ ታሪክ አይደለም።

ዛሬ ከሙገር የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ ሆኖ ቤት ይሠራበታል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አጥንት ወይም ጥርስ ያለበትን ድንጋይ ሳያነቡ መፍጨት ቅጂ የሌለውን መጽሐፍ መቅደድ ነው። ከተገኘበት ንጣፍ ተነቅሎ የተወሰደ አጥንትም ዘመኑን መናገር ያቅተዋል። ስለዚህ፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያየን እንደ ሆነ ከቦታው ሳናነሣው ለመምህራኖቻችን እናመልክት። መጽሐፉ ያለው በአገራችን ነው፤ አንባቢዎቹም ከእኛ መካከል ሊነሡ ይገባል።