በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምሥራቅ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና ጉዞ ርቆ የሚገኘው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ በዩናይትድ ስቴትስ የወንዝና የውቅያኖስ ውኃ ከሚቀላቀሉባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ6 ሜትር ተኩል አይበልጥም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በድልድዩ ላይ ሲያልፉ ያዩታል። ዘንግ ይዘው ከዳርቻው ለመቆም የሚሹ ሁሉ ከጣና ወይም ከዝዋይ ሐይቅ በምን እንደሚለይ አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

ዋናው ልዩነት ጨው ነው። በሰሜን ጫፍ የሚገባው የሰስኬሃና ወንዝ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ከሚፈሰው ጨው አልባ ውኃ ግማሽ ያህሉን ያመጣል። ወደ ደቡብ በተጓዙ ቁጥር ጨዉ እየበረታ ሄዶ ወደ አፉ ሲደርስ ከውቅያኖሱ ጋር ይቀራረባል። ዓሦችም እንደየጠባያቸው ይሰፍራሉ፤ ኋይት ፐርች የተሰኘው ትንሽ ዓሣ በገባር ወንዞቹ ሲበዛ፣ ትልቁ ሬድ ድራም በአብዛኛው በቨርጂኒያ በኩል ይገኛል።

ውኃውም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ከሰዓታቸው ይልቅ የዚህን መርሐ ግብር ሰንጠረዥ ይመለከታሉ። ውኃው ሲንቀሳቀስ ትናንሽ ዓሦችን እየገፋ ወደ ድልድይ ምሰሶዎችና ወደ ድንጋያማ ሥፍራዎች ያመጣል፤ ትልልቆቹም እዚያው አድፍጠው ይጠብቃሉ። ውኃው ረግቶ በቆመ ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ያልተነካ መንጠቆ ማየት የተለመደ ነው።

አጥማጆች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ስትራይፕድ ባስ የተባለውን፣ በአካባቢው ሮክፊሽ እየተባለ የሚጠራውን ባለ መስመር ዓሣ ነው። ዕድሜውን በአብዛኛው በጨው ውኃ ቢያሳልፍም፣ በጸደይ ወራት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣል። በአትላንቲክ ዳርቻ ከሚገኙት የዚህ ዝርያ ዓሦች አብዛኞቹ የሚፈለፈሉት በዚሁ በቼሳፒክ ገባር ወንዞች ስለሆነ፣ እዚህ የሚደርሰው ጉዳት እስከ ኒው ኢንግላንድ ይሰማል።

በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ቁጥሩ አሽቆለቆለ። ሜሪላንድ እ.አ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። እርምጃው ብዙዎችን ቢያስቆጣም ዓሣው አገግሟል። ይሁንና እ.አ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ዓሣው ከመጠን በላይ እየተጠመደ መሆኑን አረጋገጠ። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ በምታካሂደው የጫጩት ዓሦች ቆጠራም ውጤቱ ከ2019 ወዲህ በተከታታይ ከረዥም ጊዜው አማካይ በታች ሆኗል። በዚህም ምክንያት በ2024 በባሕረ ሰላጤው አንድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ ብቻ፣ ያውም ርዝመቱ ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነውን፣ እንዲያስቀር ተወሰነ። ትልልቆቹ እንዲለቀቁ የተፈለገው እንቁላል በብዛት የሚጥሉት እነርሱ በመሆናቸው ነው።

መልቀቅ ብቻውን ግን ዓሣውን አያድነውም። የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች በስሌታቸው ከተለቀቁት 9 ከመቶ ያህሉ እንደሚሞቱ ይገምታሉ፤ በበጋ ሙቀት፣ ውኃው ኦክሲጅን ባነሰው ጊዜ፣ አደጋው ይከፋል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ የዓሣውን ከንፈር እንጂ አንጀቱን ስለማይወጋ፣ በተፈጥሮ ማባበያ ይህን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ግዴታ ሆኗል። እጅን ማርጠብና ዓሣውን ከውኃው ብዙ ሳያቆዩ መመለስም ይጠቅማል። ለፎቶግራፍ ሲባል በጉንጩ አንጠልጥሎ ማቆየት፣ እንደ መልቀቅ ቢቆጠርም፣ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ መግደል ነው።

ያለ ስጋት ማጥመድ ለሚሻ ሰው ብሉ ካትፊሽ የተባለው የአምባዛ ዘመድ አለ። ከሌላ አካባቢ መጥቶ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በቨርጂኒያ ወንዞች የተለቀቀው ይህ ዓሣ፣ ዛሬ የሸርጣኑንና የሌሎችን ዓሦች ግልገል እየበላ ያስቸግራል። ሜሪላንድ በብዛቱም ሆነ በመጠኑ ላይ ገደብ አልጣለችም። ሥጋው ነጭና ለጥብስ የተመቸ ነው። ትልልቆቹ ግን በስባቸው ውስጥ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ስለሚያከማቹ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የግዛቶቹን የጤና ማሳሰቢያ ሊከተሉ ይገባል፤ ትንንሾቹን መምረጥ፣ ቆዳውንና ስቡን ማውጣት ይሻላል።

ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በኪራይ ጀልባ የሚወጡ ተሳፋሪዎች ብዙውን ጊዜ የጀልባው ፈቃድ ይሸፍናቸዋል። ያለ ፈቃድ ማጥመድ የሚቻልባቸው የተወሰኑ ቀናትና ሥፍራዎችም አሉ፤ በእነዚህም ቢሆን የመጠንና የብዛት ገደቡ አይነሣም። ደንቡ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ባለፈው ወቅት የተፈቀደው በዚህኛው የሚያስቀጣ ሊሆን ይችላል።